ከጠረጴዛው ማዶ

ኅዳር 4

ለውድ እትዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ፣ ደረጃውን እሺ አለሽ ወይስ አሁንም ያስቸግርሻል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ የአንቺና የልጄ ናፍቆት እንጂ ሌላ ሕመም የለብኝም። ስልክ ላይ ድምፅሽን ስሰማ ያሰብኩት ሁሉ ስለሚጠፋኝ ቁም ነገሩን መጻፍ ይሻለኛል።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። እጅ ጽሕፈትሽን ባየሁ ቁጥር እስካሁን ይገርመኛል። ባልሽ ወንድሜ ካረፈ በኋላ፣ በዚያ ዕድሜሽ፣ ያለ አስተማሪ ፊደል ቆጥረሽ እዚህ መድረስሽን ለሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ አውርቻለሁ። የሆቴሉ የልብስ ማጠቢያ ክፍል አለቃችን አንሶላ ላይ አንድ መጨማደድ ካየች ቀኑን ሙሉ የምትነጫነጭ ሴት ናት። እሷ እንኳ "እንዲህ ያለችዋን ነበር እዚህ የምፈልገው" ብላ እኛን ገላመጠችን።

ልጄ ለአዳሪ ትምህርት ቤቱ መግቢያ ልትፈተን ነው ስትዪኝ ካውያውን ረስቼ አንድ የትራስ ልብስ አቃጠልኩ። ከስንት መቶ ልጅ ስድሳ ብቻ እንደሚወስዱ አውቃለሁ። እኔም በእሷ ዕድሜ እዚያው ተመዝግቤ እንደነበር አትረሺውም። የጥሪ ወረቀት በፖስታ ይላክልሻል ተባልኩ፤ ሁለት ወር ጠበቅኩ፤ ፖስታ ቤቱ በላብኝ። ይኸው እስከ ዛሬ በፖስታ ቤት በር ሳልፍ ሳልገላምጠው አላልፍም፣ የትም አገር ይሁን። ስለዚህ አደራሽን፣ የእሷ ጥሪ ሲመጣ ከሰው እጅ ተቀበዪ እንጂ በፖስታ እንዳትታመኚ።

እዚህ ብርዱ ገብቷል። ያቺን ሰማያዊ ሻርፕሽን አንገቴ ላይ ጠምጥሜ ነው የምጽፍልሽ። ትዝ ይልሻል? አንድ ቀን ጠዋት ያለ ምንም ምክንያት ጸጉሬን አጥበሽ ጎነጎንሽኝና ሻርፑን ከራስሽ አንገት አውልቀሽ ሰጠሽኝ። ከዚያ አንቺ በርጩማ ላይ ተቀምጠሽ፣ እኔ ገንዳ ውስጥ ብርድ ልብስ እየረገጥኩ፣ ስንስቅ ዋልን። እናቴ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ቀን የተደሰትኩበትን ቀን አላስታውስም።

የልጄን ትምህርት ሳትደብቂ ጻፊልኝ።

ያሳደግሻት እህትሽ


ታኅሣሥ 2

ለውድ እህቴ፣

ሰላምታዬ ያለሽበት ድረስ ይምጣልሽ። እኔም ልጅሽም በጤና አለን። ጉልበቴ እንደ ነበረ ነው፤ ደረጃው ደግሞ ሦስት ፎቅ መሆኑን አልተወም።

አትደብቂኝ ስላልሽ አልደብቅሽም። ለሙከራ ከተፈተነችው ሃምሳ ጥያቄ ሃያ ዘጠኙን ነው ያገኘችው። ከኛ ፊት ለፊት ያለው ክፍል ውስጥ የሚኖሩት ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በኔ ጠረጴዛ ላይ ያስጠኗታል። እኔም ከማዶ ተቀምጬ የምሰፋለትን ሱቅ ዩኒፎርም አዝራር እተክላለሁ።

መምህሩ "አታውቅም አልልም" አሉኝ። "ችግሩ እኔ ጠይቄ ሳልጨርስ እሷ መልሳ መጨረሷ ነው።"

"መጨረሻው ከታወቀ ምን ያስጠብቀኛል?" አለች እሷ።

"ይታወቃል? እሺ። አንድ አውቶቡስ አርባ ሰው ጭኖ ተነሣ። በመጀመሪያው ፌርማታ አሥራ አምስት ሰው ወረደ፣ ስድስት ሰው ተሳፈረ..."

"ሠላሳ አንድ!"

"ስንት ሰው ቀረ ማን አለሽ? ስንት ትኬት ተቆረጠ ልልሽ ነበር።"

"ታዲያ ቀድመው አይሉኝም?"

"አፍሽ መቼ አሳለፈኝ!"

ከዚያን ቀን ወዲህ ስሟ ችኩሌ ሆኗል። ስትጠራ አቤት ትላለች፣ እሱም ቶሎ ነው።

አንድ ነገር እንድናገኝላት እያሰብኩ ነው። መምህሩ ልጅቷን በምክር ማዘግየት አይቻልም ይላሉ።

ስለ ሻርፑ የጻፍሽውን አንብቤያለሁ።

እህትሽ


ጥር 10

ለውድ እትዬ፣

ጤናሽን ያብዛልኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ ለዐውደ ዓመት እንግዳ በዝቶ እጄ አብጧል እንጂ።

ሃያ ዘጠኝ ስትዪኝ ደብዳቤሽን አጥፌ የቀረችኝን ደመወዝ ቆጠርኩ። መምህሩ ካልበቁ ሌላም አስጠኚ ይጨመር፤ እኔ ተጨማሪ ፈረቃ እገባለሁ። ካስፈለገ ቆጣ በያት። ባለፈው እሑድ በስልክ "እማዬ፣ አትጨነቂ፣ ፈተናው ቀላል ነው" አለችኝ። ገና ያላየችውን ፈተና!

እትዬ፣ እኔ ላይ የደረሰው እሷ ላይ እንዳይደርስ ነው ፍርሃቴ። ያኔ ተፈትኜ ብወድቅ ኖሮ ወደቅኩ ብዬ አርፍ ነበር። እኔ ግን አልወደቅኩም፣ አላለፍኩም። ሰው ትምህርትሽን ለምን ተውሽ ሲለኝ የምመልሰው የለኝም። ካውያ ይዤ ስቆም አንዳንዴ ያንን ፈተና ለራሴ እፈትናለሁ፤ ጥያቄውን ግን ከየት አምጥቼ?

ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ካለፈች አዳሪ ናት። በአራት ዓመቷ ጉልበትሽ ላይ ትቻት ከወጣሁ ጀምሮ ከእጅሽ ወጥታ አታውቅም። ብቻሽን መቅረትሽን አስበሽበታል?

የሻርፑን ነገር "አንብቤያለሁ" ብለሽ ዘለልሽው። ሰው ሲያመሰግንሽ ሁልጊዜም እንዲሁ ነሽ።

እህትሽ


የካቲት 21

ለውድ እህቴ፣

ሰላምሽ ይብዛ። እጅሽን ለብ ባለ የጨው ውሃ ንከሪው።

ሌላ አስጠኚ አላስፈለገም። ባለፈው ሳምንት ከሃምሳ ሠላሳ ዘጠኝ አመጣች። የምትዘገይበት መንገድ ተገኝቷል። ራሷ ልትነግርሽ ፈልጋ ስለጻፈች እኔ አልደግመውም።

ልጅቷ የጻፈችውን ፖስታው ውስጥ ከመክተቴ በፊት አነበብኩት። አንድ ቀን ጠረጴዛው ላይ አሳደርኩት። እንዳለ አሽጌዋለሁ።

እህትሽ

እማዬ እንዴት ነሽ? እኔ በጣም ደህና ነኝ። ከ50 39 አገኘሁ!!! መምህሩ መነጽራቸውን ሁለቴ ጠርገው አዩት፣ "ማን ሠራልሽ?" አሉኝ። ምስጢሩን ልንገርሽ? ጥያቄውን ዘቅዝቄ ነው የማነበው። ወረቀቱን ስዘቀዝቀው ፊደሉ ስለሚያስቸግረኝ መሮጥ አልችልም፣ እያንዳንዱን ቃል አያለሁ፣ ከዚያ አቃንቼ እመልሳለሁ። ያሳየችኝ እትዬ ናት። እትዬ መጽሐፍ የምታነበው ዘቅዝቃ መሆኑን ታውቂ ነበር? እኔ እየቀለደች መስሎኝ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ለካ የምሯን ነው! አጎቴ አንቺን ሲያስተምርሽ እሷ ከጠረጴዛው ማዶ ስትሰፋ፣ ከዚያ ሆና እያየች ስለተማረች ለእሷ የፊደል ሁሉ እግር ወደ ላይ ነው። አንቺ አንድ ገጽ ሳትጨርሺ እሷ ትጨርስ ነበር አለችኝ። ለማንም ግን አልተናገረችም። ስትጽፍ አቃንታ ነው፣ ጽፋ ስትጨርስ ገልብጣ ታርመዋለች። ይሄንንም ወረቀት ገልብጣ አይታው ሦስት ስሕተት አገኘችብኝ፣ ሁለቱን አርሜያለሁ። ቻው እማዬ። ችኩሌ ነኝ።


መጋቢት 29

እትዬ፣

እንደምን አለሽ? ደህና ነኝ።

የልጄን ጽሑፍ ደጋግሜ አነበብኩት። አንድ ነገር ብቻ እጠይቅሻለሁ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በዘጠኝ ዓመቴ ነው። ለፈተናው የተመዘገብኩት በዐሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። ያኔ ማንበብ ትችዪ ነበር?

የልጄ ጥሪ ወረቀት በመምህሩ አድራሻ ይምጣ። የፈተናው ቀንም እሳቸው ይውሰዷት። ይህን ራሴ ደውዬ ነግሬያቸዋለሁ።

እህትሽ


ሚያዝያ 10

ለውድ እህቴ፣

ፈጣሪ ልብሽን ያበርታው።

አዎ፣ እችል ነበር።

ባለፉት ሁለት እሑዶች ልጅቷ በስልክ "እትዬን ላገናኝሽ?" ስትልሽ "ቸኩያለሁ" ማለትሽን ሰምቻለሁ። ደብዳቤዬን ሳትቀጂው እስከ መጨረሻው እንድታነቢው ብቻ እለምንሻለሁ።

የጥሪሽ ወረቀት ጠፍቶ አያውቅም። በሚያዝያ 14 ቀን ፖስተኛው በእጄ ሰጠኝ። በሩ ላይ ቆሜ፣ ዘቅዝቄ፣ አነበብኩት። ፈተናው ሚያዝያ 21 ጠዋት በሦስት ሰዓት ነው፤ እርሳስና ማስመሪያ ይዛ ትምጣ ይላል። ወንድምሽ የጭነት መኪናውን ይዞ ከወጣ አምስተኛ ቀኑ ነበር። እኔ ነፍሰ ጡር ነበርኩ። ሁለቱ ከተጨናገፉብኝ በኋላ ሦስተኛው ነበር። ሐኪሙ ውሃ እንዳላነሣ፣ ደረጃ እንዳልወጣ ከልክሎኛል። አንቺ አዳሪ ከገባሽ ማን አለኝ አልኩ። እስክወልድ ብቻ አልኩ። የሚቀጥለው ዓመት ትፈተናለች አልኩ። በሚቀጥለው ዓመት ዕድሜሽ እንደሚያልፍ አላወቅኩም፤ አለማወቄ ግን አያድነኝም፣ ወረቀቱ ግርጌ ላይ በትንሹ ተጽፎ ነበርና። እስከ ግርጌው አላነበብኩትም። ችኩሌን ችኩሌ ስላት የማፍረው እኔ ነኝ።

መጣ ወይ ብለሽ ስትጠይቂኝ "ምንም አልመጣም" አልኩሽ። ማንም አልጠረጠረኝም። ማንበብ የማትችል ሴት ወረቀት መርጣ ደበቀች ብሎ ማን ያስባል?

ጸጉርሽን ያጠብኩሽ፣ ሻርፑን የሰጠሁሽ፣ ብርድ ልብስ ያጠብንበት ቀን ሚያዝያ 21 ነው። ሦስት ሰዓት ሲሆን አንቺ ገንዳው ውስጥ ነበርሽ። በርጩማዬ ላይ ሆኜ ሰዓቱን አየሁት።

ልጁም ከሁለት ሳምንት በኋላ ተጨናገፈ። ይህን የምጽፈው እንድታዝኚልኝ አይደለም፤ የሆነው እንዲህ ስለሆነ ነው።

ማንበቤን ቀድሞም ተናግሬ አላውቅም ነበር። አንድ ቀን ወንድምሽን "እኔንም አስተምረኝ" ብለው "አንቺ ደግሞ፣ መርፌሽ አይበቃሽም?" ብሎ ሳቀ፤ በክፋት አልነበረም። ከወረቀቱ በኋላ ግን ልናገር ብልም አልችልም፤ ማንበቤ ከታወቀ መደበቄም ይታወቃል። ስለዚህ እስኪሞት ድረስ መሃይም ሆኜ አብሬው ኖርኩ። ደብዳቤ ሲመጣልን "አንብብልኝ" እያልኩ ከማዶ ሆኜ አዳምጠው ነበር። እንዳልከፋ ብሎ የሚዘለውን መስመር አውቀው ነበር። እሱም ሳያውቅብኝ ሄደ።

ወረቀቱ የስፌት መኪናው መሳቢያ ውስጥ ኖሯል። አሁን ከዚህ ጋር አለ። ያንቺ ነው።

የልጅሽ ጥሪ እንዳልሽው በመምህሩ አድራሻ ይመጣል። ባለፈው ከሃምሳ አርባ ሁለት አግኝታለች።

እህትሽ


ግንቦት 6

እትዬ፣

ወረቀቱ ደረሰኝ። ስሜ በጽሕፈት መኪና ተመትቷል፤ አንድ ፊደል ተሳስቷል። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ፖስታ ቤት ገላመጥኩ።

ይቅር ብዬሻለሁ ብዬ አልጽፍም፤ ስላላልኩ። ሦስት ሳምንት ስምሽን አላነሣሁም። አንሶላ እየተኮስኩ ብቻዬን ስሰድብሽ አለቃዬ ሰምታኝ "ከማን ጋር ነው የምታወሪው?" አለችኝ። "ከእህቴ ጋር" አልኳት። "እህትሽ ደግሞ አትመልስም?" አለችኝ። ሳልወድ ሳቅኩ፤ ከዚያ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ወረቀቱ አይደለም በጣም የሚያመኝ። ወረቀቱን እንኳ እረዳዋለሁ፤ እኔም አሁን እናት ነኝ፣ ለልጅ ሲባል ምን እንደሚታሰብ አውቃለሁ። የሚያመኝ ቀኑ ነው። ያቺን ቀን ሌላው ሁሉ ሲከፋኝ አውጥቼ የማያት ቀን አድርጌ ነበር የያዝኳት። አሁን የት ላስቀምጣት? ሻርፑን አልጣልኩትም፤ አልለበስኩትምም። ወንበር ላይ አለ።

አንድ ነገር ግን ሳስብ ሳስብ አልለቅ አለኝ። የልጄን ጽሑፍ አንብበሽው ነበር። ምን እንደሚገልጥ ታውቂ ነበር። መሳቢያው እዚያው አጠገብሽ ነበር። አሽገሽ ላክሽው።

ስለዚህ በመጋቢት ያልኩትን ትቼዋለሁ፤ ለመምህሩም ደውያለሁ። የፈተናው ቀን አንቺ ውሰጃት። እስክትገባ አይደለም፣ እስክትወጣ በሩ ላይ ቁሚ። በርጩማ አትያዢ።

እህትሽ


ሰኔ 27

ለውድ እህቴ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ፤ ዕድሜሽ ይርዘም።

የፈተናው ቀን ግንቦት 18 ነበር። ሁሉንም ሳላይ አልጽፍም ብዬ ቆየሁ። ከቤት የወጣነው አንድ ሰዓት ላይ ነው። እርሳስ አራት፣ ማስመሪያ ሁለት፣ አንዱ ቢሰበር ብዬ። መምህሩ ደረጃው ላይ ቆመው "ችኩሌ፣ ዛሬ ቀድሞ የጨረሰ ሽልማት የለውም" አሏት። "ዘግይቶ የጨረሰስ አለው?" አለቻቸው።

በሩ ላይ አሳዳጊ ይፈርም ተባለ። መዝጋቢው ወጣት ነው፤ ወረቀቱን ወደኔ አቃንቶ ሰጠኝ። እኔ እንደ ልማዴ ዘቅዝቄ ማንበብ ጀመርኩ። አየኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እናቴ፣ ችግር የለም፣ በጣትዎ ይፈርሙ" ብሎ ቀለሙን ወደኔ ገፋው።

"ቆይ አንድ ጊዜ፣ ግርጌውን ልጨርስ" አልኩት።

"ተገልብጦብዎታል እኮ፣ እናቴ።"

"አውቃለሁ። ሦስተኛው መስመር ላይ 'ማስመሪያ' ከሚለው አንድ ፊደል ዘላችኋል" አልኩት።

ወረቀቱን ወስዶ አየው። ከዚያ እኔን አየኝ። ልጅሽ "እንዲህ ናት" አለችው። አቃንቼ ፈረምኩ። የማላውቀው ሰው እያየኝ ወረቀት ዘቅዝቄ ሳነብ የመጀመሪያዬ ነው።

ከሦስት ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት በሩ ላይ ቆምኩ። ጥበቃው ሁለት ጊዜ ወንበር አመጣልኝ፤ ሁለቴም መለስኩት። "ስለት አለብዎት እንዴ?" አለኝ። "እንደዚያ በለው" አልኩት። ሦስት ሰዓት ሲደወል ሰዓቴን አየሁ። ሌላ አልጽፍልሽም።

ከመጨረሻዎቹ ጋር ወጣች። ፈታኟ "ወረቀቱን ለምን ትገለብጫለሽ?" ብላ አጠገቧ መጥታ ቆማ ነበር አለችኝ። "ምን አልሻት?" ስላት "እንዳልሮጥ ነው አልኳት። ቆይታ ቆይታ ሄደች" አለች።

ውጤቱ ለአሳዳጊ ነው የሚላከው ብለው አድራሻ የተቀበሉት ከኔ ነው። ስለዚህ ትላንት ፖስተኛው ወደኛ ቤት ወጣ። ፖስታው ላይ የተጻፈው የኔ ስም ነው፤ የምከፍተው እኔ ነኝ ማለት ነው። ልጅቷ ታች መንገዱ ላይ ገመድ ትዘላለች። አልከፈትኩትም። ጠረጴዛው ላይም አላስቀመጥኩትም። ጉልበቴን ታውቂዋለሽ፤ ሦስቱን ፎቅ ወርጄ ገመዱ መሃል ገብቼ ሰጠኋት።

ቀደደችው። ዘቅዝቃ ያዘችው።

"አቃንተሽ አንብቢው እንጂ፣ ልቤን አታጥፊው!" አልኳት።

"አትቸኩዪ እትዬ" አለችኝ።

ከስድሳዎቹ አርባ ሰባተኛ ሆና አልፋለች። መስከረም 5 ትገባለች። ሁለት አንሶላና የትራስ ልብስ ይዛ ትምጣ ይላል፤ አንዱን ሰፍቻለሁ።

በጥር ብቻሽን መቅረትሽን አስበሽበታል ወይ ብለሽኝ ሳልመልስልሽ ቀርቻለሁ። አስቤበታለሁ። ቤቱ ይሰፋብኛል። ደረጃው ላይ የሷን ሩጫ ነው የማዳምጠው፣ እሱ ይቀርብኛል። ሆኖም ወረቀቱ እጇ ላይ ነው።

እህትሽ


ሐምሌ 16

ለውድ እትዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ ከቆምሽበት ተመለሰልሽ?

ደብዳቤሽን ለአለቃዬ ሳይቀር አነበብኩላት። ጥበቃው ወንበር ያመጣልሽ ቦታ ላይ ስደርስ እሷ "ትቀመጥ እንጂ!" ብላ ጮኸችብኝ፣ እኔ የከለከልኩሽ መሆኔን ሳታውቅ። ከዚያ ካውያዬን ነጥቃኝ "ዛሬ አንቺ ተቀመጪ፣ እኔ እተኩሳለሁ" አለች። ተቀመጥኩ። ሦስት አንሶላ አጨማደደች።

ልጄን ሳትቸኩዪ እቅፍ አድርጊልኝ። በሥራ ባልደረባዬ እጅ የትራስ ልብስ ሁለት፣ እርሳስ አንድ ደርዘን፣ ሰማያዊውን ሻርፕ ደግሞ አጥቤና ተኩሼ ልኬያለሁ። ሻርፑ ለእሷ ነው፤ መኝታ ቤቱ ብርድ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። በፖስታም እልከው ነበር፤ ከፖስታ ቤቱ ጋር ታርቀናል፣ ግን ልምድ አይለቅም።

ካንቺ ጋር ገና ነኝ። አልዋሽሽም። እሑድ ስደውል ግን ስልኩን አንቺ አንሺው።

ሻርፑን ስትሰጫት ከየት እንደመጣ ንገሪያት። የትኛው ቀን እንደሆነ፣ ስንት ሰዓት እንደነበር፣ ሁሉንም ሳትዘዪ። እኔ ልነግራት እችል ነበር፤ ካንቺ አፍ ትስማው ብዬ ነው።

ስትነግሪያት ደግሞ ከጠረጴዛው ማዶ አትሁኚ። አጠገቧ ተቀመጪ።

እህትሽ